የኡም ሃቲም የሐሙስ ካሴት

ቡሽራ ብርድ ልብስ ሰፊ ናት። በኢራቋ ባስራ፣ ከአሻር ቦይ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ያገባ ሰው ሁሉ የሚሞቀው እሷ ጥጡን ነድፋ፣ ሞልታና በመርፌ ጠቅጥቃ ባወጣችው ብርድ ልብስ ነው። እሷን ራሷን የሚያሞቃት ግን አልተገኘም። ሁለት ጊዜ ጠያቂ መጥቶላት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ አፉ የማያርፍ ጎረቤት "የከሃዲው እህት እኮ ናት" ሲላቸው ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ። አሁን አርባን ልትደፍን ነው። ፀጉሯ ላይ ያለው ጥጥ ይሁን ሽበት እሷም አታውቀውም፤ መስታወት ፊት መቆም ከተወች ቆይታለች።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷን ሰፈሩ ሁሉ ኡም ሃቲም ይላታል፣ የሃቲም እናት። ሃቲም በኩሯ ነው፤ ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ የሞተ። እንግዲህ አስቡት፤ ዳቦ ስትገዛ "ኡም ሃቲም"፣ ጎረቤት ሲያንኳኳ "ኡም ሃቲም"፣ በመንገድ ስታልፍ "ኡም ሃቲም፣ እንዴት አደርሽ?" የሞተ ልጇን ስም ቀኑን ሙሉ ይጠሩባታል። ስሙ እንዲህ ሲጠራ የኖረ ልጅ መልኩ ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት እናትና ልጅ ባሚያ እየቀነጠሱ ሳለ አሮጊቷ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣

"ቡሽራ፣ ሃቲም ቀይ ነበር ወይስ ጠይም?" አለች።

ቡሽራ ሳቀች። ቀና ስትል ግን እናቷ አልሳቀችም።

"ምን ማለትሽ ነው እማ?"

"መልኩ ጠፋኝ። ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ከተፍ ይልልኝ ነበር። አሁን ስጨፍን የሚመጣው የዳቦ ጋጋሪው የካዚም ልጅ ነው። የሰው ልጅ ምን ሊያደርግልኝ ይመጣል? ሂድ እለዋለሁ፣ አይሄድም።"

"እርጅና ነው እማ፣ ይመለስልሻል።"

"መቼ? ሐኪሙ በሹክሹክታ የነገረሽን ሰምቻለሁ፤ ያለቀው ኩላሊቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። እኔ እኮ ሞት አልፈራሁም። ግን እዚያ ስሄድ የዚያ ጦርነት ልጆች ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ያ ሁሉ ወጣት፣ ሁሉም በወታደር ልብስ። ከዚያ ሁሉ መሃል የቱ ነው ልጄ ልበል? እናቱ አጠገቡ ቆማ ሳታውቀው ብታልፈውስ?"

ቡሽራም ብትሆን ሃቲምን አታስታውሰውም። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ብስክሌት ላይ ከኋላው አፈናጦ ነው። የእሷ ሃቲም ማጅራት ብቻ ነው። ላብ ያወረዛው፣ የሸሚዙ ኮሌታ የተገለበጠበት ማጅራት። ፊቱን ለማየት ዞሮ እንዲያያት ስንት ጊዜ በህልሟ ለምናዋለች፤ አይዞርም።

ፎቶግራፍስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። የለም። ሃቲም ለእረፍት ከግንባር መጥቶ "አልመለስም" ብሎ የቴምር እርሻ ውስጥ የተደበቀ ለታ እናቱ የቤቱን ፎቶ ሁሉ ለቅማ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የልደቱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአጎቱ ሠርግ ላይ የተነሳውን ሳይቀር። እሷ ብቻ አይደለችም፣ ልጇ የተደበቀባት እናት ሁሉ በዚያ ሰፈር ያደረገችው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ሰዎች ፎቶ ይዘው ነዋ የሚፈልጉት! መልኩን ካላወቁት አያገኙትም ብላ ነው። አገኙት። ፎቶ ሳያስፈልጋቸው፣ በጠቋሚ አገኙት። ገደሉት፤ ሬሳውንም አልሰጧትም።

ወደ ነገራችን። በዚያው ሰሞን የቡሽራ ማራገቢያ ተቃጠለና ለማሠራት ወደ አቡ ሚቅዳድ ሱቅ ወሰደችው። አቡ ሚቅዳድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ አፉ ከሆዱ የባሰ። ሱቁ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ይስቃሉ። አንገቷን አስግጋ ብታይ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ በትናንሽ ካሬ ነጥቦች የተሠራ የሴት ፊት ተስሏል። ሻሹ፣ ጉንጯ ላይ ያለው ኪንታሮት፣ የተቆጣው ዓይን፣ ቁርጥ አዋላጇ ፈዲላ! ቡሽራን ራሷን ያዋለደቻት፣ ከሞተች ዘመናት ያለፉ።

"ሱብሃነላህ! ይሄን ማን ሣለው?"

አቡ ሚቅዳድ ዞር ብሎ አያት። "አታውቂም እንዴ እቴ? ወንድምሽ ነዋ። ሃቲም ነው የሣላት።"

ቡሽራ ማራገቢያውን እግሯ ላይ ጣለችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአቡ ሚቅዳድ ታላቅ ወንድም ኡስታዝ ፋኺር የሒሳብ መምህር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ገዛ፤ ያ የድሮው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመው፣ በራሱ ሆድ ምንም የማይዘው፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ በተራ ካሴት ላይ የሚቀዳው። መድፉ ሲያይል የሰፈሩን ወጣቶች ምድር ቤቱ ሰብስቦ "እኛም ቤታችንም ብንጠፋ ሰፈሩ አይጥፋ" ይላቸው ነበር። እነሱም ጻፉ፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ፍየል የዳኛውን ሱሪ እንደበላች። ፊትም ሣሉ። መጀመሪያ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነድፈው፣ ካሬውን እየቆጠሩ፣ ከፀጉር ጀምረው መስመር በመስመር ወደ ታች እስከ ኮሌታ ድረስ ያስገቡታል። በዚህ ሃቲምን የሚያህል አልነበረም። ኡስታዝ ፋኺር ሲሞት ካሴቶቹ በቴምር ዘንቢል ታጭቀው ለወንድሙ ደረሱ፤ እሱም ከስንት ዓመት በኋላ ኮምፒዩተሩን ጠግኖ ለሳቅ ከፈታቸው።

"አቡ ሚቅዳድ፣ በእናትህ፣ የራሱን ፊት ስሎ ይሆን?"

"ሁሉም የራሱን ስሏል። ፋኺር ያስገድዳቸው ነበር።"

ከዚያ ወዲያ ቡሽራ ከሰዓት ከሰዓት መርፌዋን ሰክታ እዚያ ሱቅ ትውላለች። ካሴቱ ሲጀምር ሲጢጢጢጢ እያለ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣል፤ አቡ ሚቅዳድ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ "ዝም! እያወራ ነው" ይላል፤ ደቂቃ ቆይቶ የአንድ ሰው ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። በመጣ ቁጥር ቡሽራ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋለች። ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ጀልባ ቀዛፊው መጣ። የሰፈሩ ሌባ ድመት ሳይቀር መጣች። ሃቲም ግን አይመጣም። መብራት ይሄዳል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ክሩ ይበላል፣ በእርሳስ ያጠነጥናሉ። እናቷ ቤት ውስጥ እያበጠች ነው፤ እግሯን ሲጫኑት ጣት ይውጣል።

"ሌላ የለም?" ትላለች ቡሽራ።

"አለ፣ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይሄም ዘንቢል እንደዚያው ነው። ቁጭ በይ።"

የዘንቢሉ መጨረሻ ላይ የተገኘው ካሴት ኡስታዝ ፋኺርን ራሱን አወጣ፤ ራሰ በራ፣ መነጽሩ ጠማማ። ከሥሩ ጽሑፍ ነበር፤ "የሣለው ሃቲም ነው። የራሴን ፊት ቤት ወስጄዋለሁ። አፍንጫዬ ረዝሞብኛል፤ አሳጥሬ አመጣዋለሁ።"

አቡ ሚቅዳድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ወይ ሃቲም! ያን አፍንጫ የት ሊያደርሰው ነበር!"

ቡሽራ አልሳቀችም። ቤት? ቤት ውስጥ ምን ካሴት አለ? ቤት ውስጥ ያለው ካሴት አንድ ነው፣ የእናቷ የሐሙስ ካሴት። የዚያ ካሴት መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜ፣ ጩኸት አለ። ሲጢጢጢጢ የሚል ጩኸት።

የሐሙሱን ካሴት ነገር ልንገራችሁ። ሃቲም የተገደለ ጊዜ ለቅሶ ተከለከለ። ድንኳን የለም፣ ቁርአን የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም። ያለቀሰ አብሮ ይጠየቃል። ልጅ ገድሎ እንባ የሚከለክል፣ ከዚህ የባሰ ግፍ የት አለ! ኡም ሃቲም አንጀቷ አልቻለም። ሲብሪያ የምትባለዋን አስለቃሽ በጓሮ አስገባቻት፤ መድፉ ሲያጓራ ጠብቀው፣ በመድፉ ድምፅ ተከልለው፣ ሲብሪያ ሙሾ እያወረደች እናት አለቀሰች። ሰው ሊጠራ ስለማይችል ለቅሶውን በካሴት ቀዱት፤ አርባው እስኪወጣ እያዳመጠች ልታለቅስበት። ባዶ ካሴት ከሱቅ ጠፍቶ ነበር። ከሃቲም መደርደሪያ አንዱን አነሳች፤ ሞከረችው፤ ጩኸት ብቻ። "ይሄስ የተበላሸ ነው" ብላ በላዩ ቀዳችበት። አርባው ወጣ፣ ዓመቱ ወጣ፣ መንግሥትም ወደቀ፤ እሷ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ታዳምጠዋለች። ሙሾው አልቆ ጩኸቱ ሲጀምር ቡሽራ እጇን ሰዳ ታጠፋዋለች። ይሄ ልማዳቸው ነው።

ቡሽራ "አቧራውን ላስጠርገው" ብላ ካሴቱን ከእናቷ ትራስ ሥር ወሰደችው። አቡ ሚቅዳድ ሲያዳምጠው መሳቁን ተወ።

"በላዩ የተቀዳ ከሥር ያለውን ይበላዋል፣ እቴ።"

"ይመለሳል?"

"አይመለስም።"

"አንተ ታውቃለህ አይደል? የማታውቀው የለም አይደል? መልሰው!"

"ወላሂ ብችል ሆዴን ሸጬ እመልሰው ነበር። ግን ስሚኝ፤ ሙሾው ካሴቱን አልጨረሰውም። ጅራቱ ተርፏል። ፋኺር ሁሉን ነገር በቁርጥራጭ ነበር የሚያስቀምጠው፤ መብራት ሲቆረጥ የተረፈው ይትረፍ እያለ። እንሞክር።"

ሞከሩ። ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። የቴሌቪዥኑ ላይኛው ክፍል ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከመሃል ጀምሮ መስመር መውረድ ጀመረ፤ ገና ያልጠና ጢም፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ አፍ፣ ጎድጎድ ያለ አገጭ፣ አንገት፣ የተገለበጠ ኮሌታ። አለቀ።

"ቀጥል" አለች ቡሽራ።

"ይኸው ነው።"

"ዓይኑን አምጣው!" ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ ብሎኖች ተበተኑ። "ዓይን የሌለው ልጅ ለእናቱ ምን ብዬ ላሳያት? ለሷ ስል እኮ ነው ይሄን ሁሉ ቀን... ዓይኑን አምጣልኝ ነው የምልህ!"

አቡ ሚቅዳድ፣ ያ ቀልደኛ፣ ራሱን ያዘ። ቡሽራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለወንድሟ አልነበረም ያለቀሰችው፤ የሃቲምን ፊት ማን እንዳጠፋው ስላወቀች ነው። ካላሳየቻት እናቷ ሳታየው ትሞታለች፤ ካሳየቻት ደግሞ ትጠይቃለች። በመጨረሻ መዋሸት ቆረጠች። ካሴቱ አርጅቶ ግማሹ ጠፋ ይባላል፣ በቃ። አቡ ሚቅዳድም እውነቱን ላይናገር ማለ።

ሐሙስ ከሰዓት ቴሌቪዥኑንና ኮምፒዩተሩን በጋሪ ጭኖ መጣ። ኡም ሃቲም ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅታለች። ታጥባ፣ የደህናውን ሻሽ አድርጋ፣ መነጽሯን ሦስት ጊዜ አስወልውላ። የደረቀ ሎሚ ሻይ አስፈላች፤ አንድ ብርጭቆ ተርፎ ነበር፣ ቡሽራ ልታነሳው ስትል "ተይው" አለቻት።

"ሐጂያ፣ እንግዲህ ግማሹን ነው ያገኘነው፣ ካሴቱ አርጅቶ..." ጀመረ አቡ ሚቅዳድ።

"ወሬ አታብዛ፣ ልጄን አሳየኝ።"

ካሴቱን አስገብቶ ሊያስጀምር ሲል መብራት ሄደ። የሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠበቁ። ሲመለስ አቡ ሚቅዳድ በጥድፊያ ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠነና ለቀቀው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል፤ አሳልፎ አጠንጥኖት ኖሯል። ከድምፅ ማጉያው የሲብሪያ ሙሾ ፈሰሰ፣ ከሙሾው በላይ የኡም ሃቲም የራሷ ድምፅ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ፣ የወጣት ሴት ድምፅ፦ "ዓይንህን ልየው ሃቲም! አንዴ ዓይንህን ልየው!" ወዲያው ድምፁ ተቆረጠና ጩኸቱ ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ላይ አፉ መውረድ ጀመረ።

ኡም ሃቲም ፊቱ እስኪያልቅ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

"ቡሽራ።"

"አቤት እማ።"

"ይሄ የሐሙሱ ካሴት ነው።"

አቡ ሚቅዳድ ጣልቃ ገባ። "ሐጂያ፣ ካሴት ሲያረጅ እኮ..."

"አንተን አልጠየቅሁም! ቡሽራ፣ በላዩ ላይ ነው ያለቀስኩበት?"

ቡሽራ ስንት ቀን ያጠናችው ውሸት ከአፏ አልወጣ አለ። "አዎ እማ" አለች።

አሮጊቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "አንዴ በእሳት፣ አንዴ በእንባ" አለች። "ጠላት እንኳ የገደለው አንዴ ነው።"

ከዚያ ደግፈው ቴሌቪዥኑ አጠገብ አደረሷት። ጣቷን አፉ ላይ አሳረፈች። "ጥርሱን አልሣለውም። ሲስቅ የምትታይ አንዲት የተሸረፈች ጥርስ ነበረችው፤ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ሲከፍት። ምን ያህል ገረፍኩት በዚያች ጥርስ!" ቡሽራ ይሄን ሰምታ አታውቅም ነበር። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግንባሯን አኮሳተረች፣ ምጥ ላይ እንዳለች ሴት ታገለች። ቆየች። ገለጠችው።

"አፉ መጣ። ዓይኑ አልመጣም።"

ያን ምሽት ያ የተረፈው ብርጭቆ ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኡም ሃቲም ከአልጋ አልተነሳችም። ካሴቱን ግን ጠየቀች። ሙሾው ወረደ፣ ድምጿ "ዓይንህን ልየው" አለ፣ ተቆረጠ፣ ጩኸቱ ጀመረ። ቡሽራ እንደ ልማዷ ልታጠፋ እጇን ሰደደች። እናቷ በዚያ ባበጠ እጇ አንጓዋን ያዘቻት።

"ተይው።"

"ጩኸት ብቻ እኮ ነው እማ።"

"ፊቱ ነው እያለፈ ያለው። ስንት ዓመት እዚህ ሲደርስ ስናባርረው ኖርን። ዝም በይ።"

ዝም ብለው አዳመጡት። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች አሮጊቷ አበደች እንዴ እያሉ ወደ መስኮቱ ያያሉ። ያ ጩኸት የጢሙ ይሁን፣ የአገጩ ይሁን፣ የኮሌታው ይሁን አያውቁትም፤ ቢሆንም አዳመጡት።

"መላ አግኝቻለሁ" አለች ኡም ሃቲም ዓይኗን ሳትገልጥ። "እዚያ ስደርስ ፊታቸው እቆምና፣ ልጆች፣ እስኪ ሁላችሁም ሳቁልኝ እላቸዋለሁ። በጥርሱ አውቀዋለሁ።"

"ታውቂዋለሽ እማ። በደንብ ነው የምታውቂው።"

አሮጊቷ የያዘችውን የቡሽራን እጅ አጠበቀችው።

"ካልሳቀስ?" አለች። "ፎቶውን ያቃጠልኩ፣ ፊቱን ያጠፋሁ እናቱ መጥቼ ሳቅ ስለው፣ ልጄ በምን ይስቃል?"

ክሩ አለቀና ቴፑ በራሱ ቀጭ ብሎ ቆመ።